በሰው አገር የተከልኩት ድንኳን

ድንኳኑን የተከልኩት እኔ ነኝ። ይህን አልክድም። ካስማውን በራሴ እጅ መትቼ፣ ገመዱን በራሴ እጅ ወጥሬ፣ አሥራ ሁለት ወንበር ደርድሬ ብቻዬን ነው የተከልኩት። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ሙሉ አፍሬበት ኖርኩ። እንዳፍር ያደረገችኝ ደግሞ የእናቴ ልጅ ናት። ይህን ሳወራ ንዴቱ ስለሚቀድመኝ ነገር እዘልላለሁና ከመጀመሪያው ልጀምር።

ለንደን አሥራ ስምንት ዓመት ኖሬያለሁ። ሆስፒታል ውስጥ አንሶላ አጣቢ ነበርኩ። ባሌ እዚያው ሞተ። ያገሬ ሰው ተሰብስቦ፣ እድሩ ወንበርና ድስት አምጥቶ፣ ሳምንት ሙሉ ቤቴ ሰው ሳይጎድልበት አስተዛዘነኝ። ሰዉ ተበትኖ ቤቱ ጭር ሲል ታናሽ እህቴ እጄን ይዛ «እታለም፣ ብቻሽን አትቀመጪም፤ እኛ ጋ ነው የምትሄጂው» አለችኝ። እሷ እንግሊዛዊ አግብታ ከለንደን የሦስት ሰዓት መንገድ በሚርቅ ገጠር ትኖራለች። ባሏ የከብት ሐኪም ነው፤ እሷ ቅርብ ባለ ከተማ ነርስ ናት፤ አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው። የእኔ አንድ ልጅ ያኔም እዚህ ሲያትል ነበር። ወረቀት ጀምሮልኝ «ነይ» ይለኛል፤ እኔ «ቆይ» እለዋለሁ። ሻንጣዬን ይዤ ከእህቴ ጋር ሄድኩ።

መንደሩ ሠላሳ ስድስት ቤት ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። ሱቅ የለውም። አውቶቡስ ማክሰኞና ዓርብ ብቻ ይመጣል፤ እሱም ባዶውን። መንገዱ ከመጥበቡ የተነሳ ሁለት መኪና ከተገናኘ አንዱ የግድ ወደ ኋላ ሄዶ ቁጥቋጦው ውስጥ መወሸቅ አለበት፤ ያለፈው ሰው ከመሪው ላይ አንዲት ጣት ብድግ ያደርግለታል። ሰላምታውም ምስጋናውም ያቺው ጣት ናት። ያንን ጣት ለመልመድ ስድስት ወር ፈጀብኝ። በኋላ ግን እኔም መንገድ ዳር ቆሜ ጣቴን ማንሳት ጀመርኩ፤ መኪና ሳይኖረኝ።

ጸጥታው መጀመሪያ ጆሮዬን አመመኝ። ጠዋት የሚጮኸው አንድ ወፍ ነው፤ ቆቅ የሚመስል፣ ጅራቱ የረዘመ፣ ማንም ሳይነካው የሚደነግጥ። ከዚያ በኋላ የበግ ድምፅ፣ ከዚያ በኋላ ምንም። በክረምት አሥር ሰዓት ላይ ይጨልማል። ጭቃው የጫማ ብቻ አይደለም፤ የልብስ፣ የመኪና፣ የውሻ ነው። ሰዎቹ እርስ በርሳቸው የውሻቸውን ስም ያውቃሉ። የእኔን ስም ያወቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ስለ እነሱ እመጣበታለሁ።

ክፉ አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። አንዲት ሴትዮ በመጣሁ በሳምንቴ አጥር ላይ ተደግፋ «አንድ ቀን ብቅ በይና ሻይ እንጠጣለን» አለችኝ። በማግስቱ ዳቦ ጋግሬ ብቅ አልኩ። ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልላ በሩን በግማሽ ከፍታ ፈገግ እያለች «አይ፣ እንዴት ደስ ይላል» አለች፤ ዳቦውን ተቀበለችኝ፤ በሩም ተዘጋ። እህቴ ስትሰማ ግንባሯን ያዘች።

«እታለም፣ ለማለት ያህል ነው እኮ የሚሉት።»

«ለማለት ያህል ሰው ቤቱ ይጠራል?»

«ሶ፣ ቀጠሮ እስኪሰጡሽ ትጠብቂያለሽ። እዚህ ተጠንቅቀን ነው የምንኖረው።»

ያቺ ተጠንቅቀን የምትለው ቃል በዚያ ቤት ከጨው በላይ ተበልታለች። ሽንኩርት ሲቁላላ መስኮት ይዘጋል። ስልክ ላይ ድምፅ አይጮኽም። ከአገር ቤት ሰው ሲደውል እህቴ ስልኩን ይዛ ጓዳ ትገባለች። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ኖራ መንደሩ ተቀብሏታል፤ ወይ መስሏታል። እኔ ግን እንደ እንግዳ ሆኜ መኖር ሰለቸኝ።

ያስለመደኝ የመንደሩ አዳራሽ ነው። በቆርቆሮ የተሸፈነች፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለች አሮጌ ቤት ናት። አንድ ቅዳሜ እህቴ ኬክ ይዛ ስትሄድ ተከተልኳት። ዕቃ ቤቱ በር ተከፍቶ ሳየው ቆሜ ቀረሁ። የተደረደሩ ታጣፊ ወንበሮች። ረጃጅም ጠረጴዛዎች። በሣጥን የታሸጉ ሁለት መቶ ነጫጭ ስኒዎች። በርሜል የሚያህል የሻይ ማፍያ። ጥግ ላይ በከረጢት የታሰሩ ሁለት ድንኳኖች፣ ትልቁና ትንሹ። በሩ ላይ ደግሞ የተራ ዝርዝር ተለጥፏል፤ ማን ስኒ ያጥባል፣ ማን ወንበር ያጥፋል። ሳቄ መጣ። «እንዴ! እድር አላቸው!» አልኩ ጮክ ብዬ። እህቴ «ቀስ» አለችኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የስኒ አጣቢዎቹ ዝርዝር ውስጥ ገባሁ። ሰው ሲጎድል የሌላውንም ተራ እኔ አጥባለሁ። የወንበሮቹን ማጠፊያ ዘይት ቀባሁላቸው፤ ሲዘጉ እንደ በር ይጮኹ ነበር። ለዚህ ሁሉ ኃላፊው ከእህቴ ቤት ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ስሜን ካወቁት ሁለት ሰዎች አንዱ እሳቸው፣ ሌላዋ ሚስታቸው ነበሩ። እንግሊዝኛ አንቱ የለውም፤ እኔ ግን በልቤ አንቱ እላቸው ነበር። ሚስታቸው ታመው ከአልጋ አይወርዱም። እሳቸው እህል አበሰልኩ ሲሉ ድንች ቀቅለው ነው። ሾርባ እወስድላቸዋለሁ፤ በመስኮት በኩል ለሚስታቸው እጄን አወዛውዛለሁ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለውን ያኔ እንደ ወጉ እላት ነበር እንጂ ምን ያህል እውነት እንደሆነች አላወቅሁም።

በበጋው ባዛር ሽማግሌው ድንኳን አተካከል አስተማሩኝ። ብረቶቹ ጫፋቸው ላይ ባለ ቀለም ፕላስተር ተለጥፎባቸዋል፤ ቀይ ከቀይ፣ ሰማያዊ ከሰማያዊ ይገጥማል። ትንሹን ድንኳን አንድ ሰው ብቻውን ሊተክለው እንደሚችል አሳዩኝ። በዚያው መከር የአዳራሹን ቁልፍ በእጄ ላይ አስቀምጠው «ከእኔ ይልቅ አንቺ ነሽ የምትከፍቺው» አሉኝ። ማታ ለልጄ ደውዬ «ወረቀቱን አዘግየው፤ እዚህ ሥራ ይዣለሁ» አልኩት። «ምን ሥራ?» ሲለኝ «ቁልፍ ያዥ» አልኩት። ሳቀብኝ። እኔ ግን ቀልዴን አልነበረም። ባሌ ከሞተ ወዲህ ጠዋት የምነሳበት ነገር ያገኘሁት ያኔ ነው።

በጎቹ በወለዱበት ሰሞን፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ጥቁር መኪና መጥቶ የሽማግሌውን ሚስት አስከሬን ይዞ ሄደ። እህቴም ባሏም ሥራ ገብተዋል፤ ልጅቷ ትምህርት ቤት ናት። መስኮት ላይ ቆምኩ። ሰው እስኪመጣ ልጠብቅና አብሬ ልግባ ብዬ ነው። አንድ ሰዓት ሄደ። ሁለት ሰዓት ሄደ። አንዲት ሴት መጥታ በበሩ ቀዳዳ ካርድ አስገብታ፣ ሳታንኳኳ፣ በጣቷ ጫፍ እየተራመደች ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ ውሻም አላለፈ። ሽማግሌው እዚያ ቤት ውስጥ ከባዶ አልጋ ጋር ብቻቸውን ተቀምጠዋል፤ ሠላሳ አምስት ቤት ደግሞ ዝም ብሏል።

በለንደን አሥራ ስምንት ዓመት ስኖር ፈረንጅ ጎረቤት ሞቶብኝ አያውቅም። ይሞታሉ መቼም፤ እኔ ግን የምደርሰው የወገኔን ለቅሶ ነበር። ስለዚህ ያሰብኩት ይህን ነው፦ የእድሩ ሰዎች ሥራ ላይ ናቸው፤ ቁልፉ ያለው እኔ እጅ ነው፤ ሰዎቹ ያልመጡት ድንኳን ስላልተተከለ ነው። ለሐዘን ቤት ካልሆነ ድንኳኑ ለምን ይቀመጣል? እንዲህ ሳስብ ትንሽ እንኳ አልተጠራጠርኩም።

ትንሹን ድንኳን በጋሪ ጭኜ አመጣሁ። ከሽማግሌው አጥር ውጭ ያለው ሣር ላይ፣ ቀዩን ከቀይ፣ ሰማያዊውን ከሰማያዊ እያጋጠምኩ ተከልኩት። ወንበሮቹን በሦስት ምልልስ አጓጓዝኩ። ሻይ በሁለት ፔርሙስ አፈላሁ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለብሼ ተቀመጥኩ። ደረት አልመታሁም፤ ድምፅም አላወጣሁም። አንድ መኪና መጣና ቀስ አለ፤ ሾፌሩ አየኝ፤ ጣቱን አነሳ፤ ሄደ።

አሥር ሰዓት አካባቢ ሽማግሌው በራቸውን ከፍተው ወጡ። በነጠላ ጫማ ነበሩ። ድንኳኑን አዩት፣ ወንበሮቹን አዩ፣ እኔን አዩኝ። ብዙ ቆሙ። ከዚያ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

«የቀሩት ወንበሮች ለማን ናቸው?» አሉኝ።

«ለሚመጣው ሰው» አልኳቸው።

«ማንም አይመጣም እኮ።»

«ባይመጣም ወንበሩ ይቀመጣል።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ሻይ ቀዳሁላቸው። ሚስታቸው የገበሬ ልጅ ሆነው ሳለ ዕድሜያቸውን ሙሉ ላም ይፈሩ እንደነበር ነገሩኝ። አንድ ጊዜ ላም አይተው ዛፍ ላይ ወጥተው ማታ ድረስ አልወርድም እንዳሉ ነገሩኝና ሳቁ፤ እየሳቁ ማልቀስ ጀመሩ፤ እኔም አለቀስኩ፤ ለእሳቸውም ሚስት፣ ለእኔም ባል። ሰው ለሰው መድኃኒቱ የሚባለው ይህ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? እስኪመሽ ድረስ ተቀመጥን።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የእህቴ መኪና መጣ። መብራቱ ድንኳኑ ላይ ሲያርፍ መኪናዋ መንገድ መሐል ቆመች። እህቴ ወርዳ በፍጥነት መጣች፤ ፊቷ ነጭ ሆኗል። ሽማግሌውን በእንግሊዝኛ ይቅርታ ጠየቀቻቸው፤ ሁለቴ ሦስቴ። በዚያ አገር ለሐዘንተኛም የሚባለው ያው «ሶሪ» ስለሆነ እያጽናናቻቸው መሰለኝ። ከዚያ ክንዴን ያዘች። ቤት ስንገባ «ደክሞሻል፤ አረፍ በይ» ብቻ አለችኝ፤ እኔም እውነት ያዘነችልኝ መስሎኝ ተኛሁ።

ጠዋት ስነሳ ድንኳኑ የለም። ባሏ ገና ሳይነጋ ነቅሎታል። እህቴ ኩሽና ውስጥ እጇን አጣምራ ቆማ ጠበቀችኝ።

«ሽማግሌው ኮል አድርገው ነበር» አለችኝ። «በጨዋነት ነው እንጂ በጣም ከፍቷቸዋል። ሰው እያየኝ እንዳለቅስ አደረገችኝ ነው ያሉት። ቁልፉን ትመልስ፣ ወደ ቤቴም እንዳትመጣ ብለዋል።»

«እሳቸው?»

«አዎ፣ እሳቸው።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ቁልፉን ከኮቴ ኪስ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። «እኔ እወስድላቸዋለሁ» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ የመስኮቱን መጋረጃ አልገለጥኩም። ወደ አውቶቡሱ ስሄድ እንኳ በሽማግሌው በር ላለማለፍ በጭቃው በኩል እዞር ነበር። ቀብሩ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሆነ፤ እዚያ አገር ሬሳ ቀጠሮ ይዞ ነው የሚቀበረው። አልሄድኩም። በመጋረጃው ስንጥቅ አየኋቸው። ጥቁር ኮት ለብሰው ከቤት ሲወጡ ቀና ብለው የእህቴን ቤት አዩ። እኔ ወደ ኋላ ሸሸሁ፤ በቁጣ ያዩኝ መስሎኝ ነበር። ለልጄ ደውዬ «ወረቀቱን ጨርስ» አልኩት። በክረምቱ መግቢያ ሲያትል ገባሁ።

አሁን እዚሁ ሲያትል፣ ኦቴሎ የሚባል ሰፈር ነው የምኖረው፤ ከባቡሩ ጣቢያ ብዙ አይርቅም። የምሠራው መርሳት የያዛቸው አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እግሬም እጄም ይሠራል። አንድ ነገር ብቻ ተለውጧል። ሰው ሲሞት እሄዳለሁ፤ ግን የምሄደው መጨረሻ ላይ ነው፤ በር ሥር እቀመጣለሁ፤ ዕቃ አልነካም፤ ሻይ አልቀዳም። እንደኔ ያለች የሥራ ሴት እንግዳ መስላ ስትቀመጥ ሰው ኩሩ ይላታል። ይበሉኝ። ሐዘንተኛ አስከፍቼ አውቃለሁና ድጋሚ እጄን መስደድ ፈራሁ።

ሌላው የሚከነክነኝ የልጄ ነገር ነበር። ከሲያትል ወጣ ብሎ ሊንውድ የሚባል ከተማ ይኖራል፤ አምስት ዓመት የሆናት ሴት ልጅ አለችው። በሳምንት በሳምንት ያመጣልኛል፤ ከጎኗ ግን አይነሳም። «እኔ ጋ ትደር» ስለው «ሌላ ጊዜ እማዬ» ይላል። «እኔ ላቆያት፣ አንተ ሥራህን ሥራ» ስለው «ደይኬር አለ እኮ እማዬ» ይላል። በአውቶቡስ ዋይት ሴንተር ገበያ ይዣት ልሂድ ብለው አንዴ የቸኮለ መሰለ፣ አንዴ አመመው። የምራቴ ሥራ ነው ብዬ ልጅቱን በሆዴ ስረግማት ኖሬያለሁ። ይቅር ትበለኝ።

በዚህ በጋ የእህቴ ልጅ ለሦስት ወር የሥራ ልምምድ ሲያትል መጣችና እኔ ጋ አረፈች። ሃያ ዓመቷ ነው። አማርኛ ትሰማለች፤ የምትመልሰው በእንግሊዝኛ ነው። ጥሩ ልጅ ናት፤ ብቻ ገና ከመጣች ጀምሮ አንድ ነገሯ ገረመኝ። ምድጃ ስለኩስ ከኋላዬ ትቆማለች። ትንሽ ዝም ካልኩ «አንቲ፣ አር ዩ ኦኬ?» ትለኛለች። ቢላዋ ስይዝ «አይ ካን ዱ ኢት» ብላ ትቀበለኛለች። አሳዳጊዋ የባረካት ብዬ አለፍኩት።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ በልተን ስንጨርስ ቦርሳዋን ስትፈትሽ ቆየችና የታሸገ ፖስታ አውጥታ ሰጠችኝ። ፓስፖርቷን ስትፈልግ እናቷ መሳቢያ ውስጥ እንዳገኘችው፣ ላዩ ላይ የእኔ ስም ስላለበት እንዳመጣችልኝ በእንግሊዝኛዋ ነገረችኝ። ስከፍተው የአዳራሹ ቁልፍ ወደቀ። በጣቴ ዳሰስኩት፤ ራሱ ነው። አብሮት ትንሽ ካርድ አለ። የሽማግሌው እጅ ጽሑፍ ነው፤ ከተራ ዝርዝሩ ላይ አውቀዋለሁ። እንዲህ ይላል፦ ቁልፉ የእሷ ነው፤ እባካችሁ መልሱላት። ያን ቀን አብራኝ የተቀመጠች እሷ ብቻ ናት። ሲሻላት መጥታ ድንኳኑን እንደገና ብትተክልልኝ ደስ ይለኛል፤ እጠብቃለሁ።

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በሦስተኛው ነው አንዷ ቃል የያዘችኝ።

«ሲሻላት ማለት ምንድን ነው? ታምሜ ነበር እንዴ?» አልኳት ልጅቷን።

ቀላች። ስኒዋን ማሽከርከር ጀመረች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ እንዳልሰበር የምትጠነቀቅ ይመስል፣ ሁሉን ነገረችኝ። ባሌ ከሞተ ወዲህ አእምሮዬ እንደተነካ፣ ድንኳኑን የተከልኩት ሕመሙ ሲነሳብኝ እንደሆነ፣ እናቷ ይህን ለሽማግሌውም ለመንደሩም እንደነገረች። ሽማግሌው ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ በር አንኳኩተው እንደጠየቁኝ፣ እናቷ ሰው ማየት አትችልም ብላ እንደመለሰቻቸው። ልጄም እንደሚያውቅ። እናቷ እኔ ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት ደውላ ሕፃኗን ከእኔ ጋር ብቻዋን እንዳይተዋት እንዳስጠነቀቀችው።

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ስልኬን ሳነሳ ልጅቷ እጄን አየችው፤ እኔም እያየችው እንደሆነ አየሁ። እንግሊዝ በዚያ ሰዓት ከቀትር በኋላ ነው። ለእህቴ ደወልኩ።

«ታምሜ ነበር እንዴ?» አልኳት፣ ሰላም ሳልላት።

«ማን ነገረሽ?» አለች። አስተባብላ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

«ሽማግሌው ቁልፉን መልሺ አሉ?»

«አላሉም።»

«እንዳትመጪ አሉ?»

«እታለም፣ እንደሱ አትበይኝ። እኔ ምን ላድርግ? አንቺ ዛሬ ብትኖሪ ነገ ትሄጃለሽ፤ እኔ ግን እዚያ ነው የምኖረው። ልጄ እዚያ ነው የምትማረው። በማግስቱ ሰዉ ሁሉ ሥራ ቦታ ሳይቀር ይጠይቀኛል። ባህላችን ነው ብላቸው ምን ይሉኝ ነበር? ታማ ነው ስላቸው ሁሉም ገባቸው። ሁሉም አዘኑልሽ።»

«ለልጄስ? ለልጄ ምን ብለሽ ነው?»

«ለአንቺ ብዬ ነው። አንዴ ካልኩ በኋላ ደግሞ… ሶ፣ እንዴት ልመልሰው?»

ዝም አይነቅዝም ይላል ያገሬ ሰው። ያቺ እህቴ አራት ዓመት ዝም ብላ አስቀምጣኛለች፤ እኔ ግን ነቅዤያለሁ። በየበዓሉ እየደወለች «እታለም፣ ጤናሽ እንዴት ነው?» ስትለኝ ያሰበችልኝ መስሎኝ እንባዬ ይመጣ ነበር፤ ለካ የምትጠይቀኝ ስለ እብደቴ ነው። አንድ የቀረኝን ጠየቅኋት።

«ሽማግሌው ደህና ናቸው?»

«አርፈዋል። ዓምና፣ በገና ሰሞን።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ከነገርኩሽ ትመጪያለሽ ብዬ» አለችኝ።

ስልኩን ዘጋሁት። እጠብቃለሁ ብለው የጻፉልኝን ሰው ቁጡ አድርጋ ሰጥታኝ፣ እኔን እብድ አድርጋ ሰጥታቸው፣ ሁለታችንንም በአንዲት መንገድ ግራና ቀኝ አስቀምጣን ኖረች። እሳቸው ሲሞቱስ ማን ተቀመጠ? ልጅቷን ጠየቅኋት። ቀብሩ ሃያ ደቂቃ እንደፈጀ፣ እናቷ ሥራ ስለነበረባት እንዳልሄደች ነገረችኝ።

ተነሳሁ። ኩሽና ያሉትን አራት ወንበሮች አንድ በአንድ አወጣሁ። የምንኖረው ምድር ቤት ነው፤ ከበራችን ፊት ለፊት የሣር ቦታ አለ። እዚያ ደረደርኳቸው። ሻይ በፔርሙስ ሞላሁ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለብሼ ተቀመጥኩ። ልጅቷ በር ላይ ቆማ ስልኳን ይዛ ታየኛለች።

ከላያችን ፎቅ ላይ የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ፤ አሥመራ ተወልደው አዲስ አበባ ያደጉ። ከገበያ ሲመጡ አዩኝና ፌስታላቸውን መሬት አስቀመጡ።

«ውይ በሞትኩት! እግዚአብሔር ያጽናሽ። ማነው?»

«ጎረቤቴ ነበሩ፤ እንግሊዝ አገር» አልኳቸው። «ዓምና ነው ያረፉት፤ እኔ ዛሬ ሰማሁ።»

«ነፍስ ይማር» ብለው ተቀመጡ። ሌላ ነገር አልጠየቁኝም። ሻይ ቀዳሁላቸው። ከአራት ዓመት በኋላ ለሐዘን ስቀዳ የመጀመሪያዬ ነው። ስለ ላሟና ስለ ዛፉ ነገርኳቸው፤ ሳቁ። ቁልፉ ጭኔ ላይ ነበር።

አርባ ደቂቃ ያህል ቆይቶ የልጄ መኪና መጥታ ዳር ላይ ፓርክ አደረገች። ልጅቷ ኮል አድርጋዋለች፤ ፈርታ ነው፤ አልፈርድባትም። ልጄ ወረደ። ወንበሮቹን አየ፣ ነጠላዬን አየ። እኔን ሳያናግር ወደ ልጅቷ ሄዶ በእንግሊዝኛ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቃት። ከዚያ መጥቶ ፊት ለፊቴ ቁጢጥ አለ።

«እማዬ፣ ምነው? ምን ሆነሽ ነው?»

«ምንም አልሆንኩም። ተቀመጥ፤ ወንበር አለ። አልታመምኩም እኔ፤ ታምሜም አላውቅም። አክስትህ ዋሽታ ነው። ይኸው ካርዱ፣ ይኸው ቁልፉ…»

እየተናገርኩ የራሴን ድምፅ ሰማሁት። የምሠራበት ቤት ውስጥ አንዲት አሮጊት አሉ፤ በየቀኑ እጄን ይዘው «እኔ ደህና ነኝ፤ እህቴ ዋሽታ ነው እዚህ ያስገባችኝ» ይሉኛል። እኔም በየቀኑ እጃቸውን እየደባበስኩ «ኦኬ፣ ኦኬ» እላቸዋለሁ።

«ኦኬ እማዬ» አለኝ ልጄ፣ እጄን እየደባበሰ። «ኦኬ።»

ጎረቤቴ «ልጄ፣ ቁጭ በል እንጂ፤ ለቅሶ ነው እኮ» አሉት። እሳቸውንም በትሕትና ራሱን ነቅንቆ አለፋቸው። አልተቀመጠም። የመኪናው ቁልፍ በእጁ እንዳለ ነው። ከኋላው ወንበር የልጅ ልጄ በመስታወቱ በኩል አየችኝና እጇን እያወዛወዘች ትስቅልኛለች። እኔም እጄን አነሳሁላት። ሻይዋን ከወተት ጋር ነው የምትወደው፤ ቀድቼላት ጠበቅሁ። ልጄ ግን ከመኪናው አላወረዳትም።